አባቴና የዛገው የቦይለር ኒፕል

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋት ውሃ እጅ ያቃጥል ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ጓሯችን ያለው በርሜል ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። እማዬ በጣሳ ሰብራው ልብስ ታጥባለች። ቁርጥማት ስለነበረባት አጥባ ስትጨርስ ጣቶቿ አይዘረጉም። የሹራቧን ቁልፍ የምንቆልፍላት ሴቶች ልጆቿ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ሰናይት፣ ነበርን።

አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሮጌ ቦይለር አስጭኖ መጣ። አንድ ሆቴል ሲታደስ የተነሣ ነው። “ለገና በሙቅ ውሃ ትታጠቢያለሽ” አላት እማዬን። እሷም እንደ ልጅ ሳቀች።

ችግሩ አንድ ነበር። ውሃው በሚገባበት አፍ ላይ የድሮው ኒፕል፣ ያች ቧንቧ የምታያይዝ አጭር ብረት፣ ዝጋ ቀርታለች። እሷ ካልወጣች አዲሱ ቧንቧ አይገጠምም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አባቴ ቦይለሩን ግድግዳው ሥር አጋድሞ፣ ዝገቱ እንዲላላ ኒፕሉ ላይ ላምባ አፈሰሰበት። ግቢው፣ እጃችን፣ የምንበላው ዳቦ ሳይቀር ላምባ ላምባ ሸተተ። መፍቻው እየተንሸራተተ የጣቱን ቆዳ ላጠው። ኒፕሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከአንድ ጋራዥ እኔን የሚያህል መፍቻ ተውሶ መጣ። ቦይለሩ እንዳይንከባለል እኔንና ሰናይትን በቅሎ እንደሚጋልብ ሰው ላዩ ላይ አስቀመጠንና መፍቻውን ቁልቁል ይጫን ጀመር። “ያዙ! ያዙ አልኩ እኮ!” ይላል። ድንገት ቦይለሩ ተገለበጠ፤ እኛ በአንድ በኩል፣ አባቴ በሌላ በኩል ጭቃው ላይ ተዘረጋን። ሰናይት ሳቀች፤ እኔም አላስቻለኝም።

“ጥፉ ከዚህ!” ብሎ ጮኸ።

እማዬ ከበሩ ላይ ሆና “ክፍሌ፣ ለምን ጋሽ ሰይድን አልጠራልህም?” አለችው። ጋሽ ሰይድ ከአሊዩ አምባ የመጡ፣ የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው።

“አንዲት ብረት ለመፍታት ሰው አልለምንም! አርፈሽ ግቢ!”

እኛ ፊት ጮኾባት አያውቅም ነበር። እማዬ ወደ ቀዝቃዛው በርሜል ተመለሰች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከሁሉም የባሰ ነበር። ጉልበት እንዲጨምርለት መፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። “ቀጭ!” የሚል ድምፅ ሰማን። ተፈታ ብለን አጨበጨብን። ለካ ኒፕሉ ከአንገቱ ተቆርጧል። ቀሪው ከሚጠመዘዝበት ጥርሱ ጋር የቦይለሩ አፍ ውስጥ ነው፤ የሚያዝ ጫፍ እንኳ የለውም። አባቴ መፍቻውን አጥሩ ላይ ወርውሮ ቦይለሩ ላይ ተቀመጠ። ለምሳ ቢጠራም አልገባም። ነፋሱ ሲበረታ እማዬ ጋቢውን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

ሰኞ፣ እሱ ትምህርት ቤት እያለ፣ እማዬ ሄዳ ጋሽ ሰይድን ይዛ መጣች። አባቴ ለምሳ ሲመለስ አጎንብሰው ብረቱን ሲመረምሩ አገኛቸው። ፊቱ ተለዋወጠ።

“መምህር፣ ሲታገሉት በየት በኩል ቆመው ነበር?” አሉት ጋሽ ሰይድ።

“እዚህ ጋ።”

“ሦስቱንም ቀን?”

“በዚያኛው በኩል ግድግዳ አለ” አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ከዚህ ሆነው ቁልቁል ሲጫኑት እኮ ይጠብቃል። ሲያጠብቁት ነው የከረሙት!”

አባቴ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን። በዚያች ሰዓት መሳቅ ቀርቶ መተንፈስም ፈራን። ጋሽ ሰይድ “ቢስሚላህ” ብለው ተንበረከኩ። በቀጭን የመጋዝ ምላጭ የቀረውን ብረት ከውስጥ ሁለት ቦታ፣ የቦይለሩን ጥርስ ሳይነኩ፣ ቀስ አድርገው ሰነጠቁት። ከዚያም ፒንሳውን ለአባቴ ሰጡት። “በሉ፣ ይጎትቱት እርስዎ።” አባቴ ሳበው፤ ስባሪው እንደ ወለቀ ጥርስ መዳፉ ላይ ወደቀ።

ቦይለሩ ለገና ደረሰ። እማዬ ሁለት እጇን ሙቁ ውሃ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ለረጅም ጊዜ ቆመች። አባቴ ከኋላዋ መጥቶ፣ እኛ እየሰማን፣ “ስለ ጮኽኩብሽ ይቅር በይኝ” አላት። የዚያን ጊዜ አባቶች እንዲህ ሲሉ ሰምተን ስለማናውቅ ከወለቀው ብረት ይልቅ የገረመን እሱ ነበር።

ዛሬ እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ቦይለሬ ሲበላሽ ስልክ እደውላለሁ፣ ባለሙያ መጥቶ ሠርቶልኝ ይሄዳል። በቤታችን የሚጮህም የሚወድቅም የለም። ልጆቼ ሙቅ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቀውኝ አያውቁም። እማዬ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። አባቴ አሁንም እዚያው ቤት ነው። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ፣ በዚያ ብርድ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፍቶ ሲታጠብ አገኘሁትና ተቆጣሁ።

“አባዬ፣ ሙቁ እያለልህ?”

“ሙቁ የእናትሽ ነው” አለኝ።