ለወፊቱ የተበረዘ ማር

ዛሬ ጠዋት ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ በሚገኘው ቤቴ ጓሮ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከጆሮዬ አጠገብ ከንብ የወፈረ ጢዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ፣ ሃሚንግበርድ የሚሏት አበባ መጣጭ ወፍ ክንፏ እስከማይታይ እያርገበገበች ከቀይ አበባ ፊት አየር ላይ ቆማለች። ወዲያው እትዬ ጥሩነሽ ትዝ አሉኝ።

እትዬ ጥሩነሽ በልጅነቴ፣ ደሴ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጠርዙ በተላላጠ የብረት ኩባያ ሰም ሰም የሚሸት ብርዝ ይዘው ይጠብቁኛል። «በቃኝ» ማለት እሳቸው ዘንድ አይሠራም፤ «በሞቴ!» ብለው ይደግሙልኛል። ከብዙ ዘመን በኋላ ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ አመጣቻቸውና እዚሁ ቶሮንቶም ጎረቤቴ ሆኑ። ሽበቴን እያዩ እንኳ «አንተ ልጅ» ማለታቸውን አልተዉም።

የልጅ ልጃቸው ሳራ ለሃሚንግበርዶች ቀይ መመገቢያ ጓሯቸው ሰቅላ የስኳር ውሃ ትሞላበት ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ይህን እንደ ውርደት ቆጠሩት።

«ከስንት አገር በርራ ለመጣች እንግዳ ስኳር በውሃ? ሰው ምን ይለናል!»

የስኳሩን ውሃ ደፍተው፣ ከአገር ቤት በተላከላቸው ማር ብርዝ በርዘው ሞሉት። ሙቀቱ በረታ፤ ብርዙ ደፈረሰ፤ ከሰነበተ በኋላ ወፊቱ ቀረች። ሳራ ምክንያቱን ስታውቅ ጮኸች።

«እማማዬ፣ ሃኒ ኖ! ምላሳቸው ላይ ፈንገስ ያወጣል፤ ሲክ ያደርጋቸዋል!»

እትዬ ጥሩነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። አጠገባቸው ወደ ቆምኩት ወደ እኔ ዞረው «ገደልኳት በለኛ» አሉኝ።

«ሌላ ጓሮ ሄዳ ይሆናል፣ እትዬ።»

«አጽናናኝ መች አልኩህ!»

መመገቢያውን በፈላ ውሃ አጥበው፣ ስኳሩን ሳራ እንድትመጥን ትተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው መስኮት ሥር ይውሉ ጀመር። ወፎቹ ብርድ ሸሽተው ወደ ደቡብ የሚሄዱበት ጊዜ ተቃርቦ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ና ቶሎ! መጣች! ቂም አልያዘችም!»

ስደርስ ወፊቱ እየጠጣች ነበር፤ አሮጊቷ እንዳያስደነግጧት ትንፋሻቸውን ውጠዋል። እሷ ስትሄድ ለእኔ ብርዝ ቀድተው መጡ። ሊሰጡኝ ከዘረጉ በኋላ ግን እጃቸውን መለስ አደረጉ።

«ይስማማሃል?»

ከልጅነቴ ጀምሮ ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ስኳር እኮ አለብኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ዘጋው?»

«በሞቴ ሲሉኝ ምን ልበል?»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ብርዙንም ራሳቸው ጠጡት። ከዚያ ወዲያ፣ ሳራም እያየች፣ ማንንም ሳይጠይቁ ቀድተው አያውቁም።

እትዬ ጥሩነሽ ካረፉ ከርመዋል። ሳራ የራሷን ቤት ይዛለች፤ አማርኛዋም ይበልጥ ተሰባብሯል። ነገር ግን ቤቷ እንግዳ ሲቀመጥ፣ ምንም ነገር ከመቅዳቷ በፊት አንዲት ቃል ሳትሳሳት፣ አያቷን በሚመስል ድምፅ ትላለች፤ «ይስማማዎታል?» ከዚያም መልሱን እስክትሰማ ትጠብቃለች።