ያዩትን ያልካዱት አጎቴ

መርሳ ላይ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት አጎቴ አረፉ። የታሪክን ጽሕፈት ስለጀመረው ጥንታዊ ግሪካዊ ሲያወሩ፣ «አገር ላገር ዞሮ ጠየቀ፤ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ጻፈ» ይሉ ነበር። እኔንም ወሬ ይዤ ስገባ «አይተህ ነው ሰምተህ?» ሳይሉ አያሳልፉኝም ነበር።

በረሃቡ ዓመት የወረዳው ካድሬ መምህራኑን ሰብስቦ፣ «ገበሬው ለሰፈራ የሄደው በፈቃዱ ነው ብላችሁ አስተምሩ» አለ።

አጎቴ ተነሡ። «ውርጌሳ ላይ ዓይኔ እያየ በጠመንጃ ተነድቶ ነው መኪና ላይ የተጫነው» አሉት።

በዚያው ታሰሩ። ከወልድያ እስር ቤት ሰውነታቸው ደቆ ወጡ፤ ብዙም አልቆዩም።

ያው ካድሬ ለቅሶ ደርሶ «ታላቅ መምህር አጣን» ሲል ጥርሴን ነከስኩ። ዛሬ በእሳቸው ክፍል ቆሞ የሚያስተምረው እሱ ነው። ልጆቹም የሚላቸውን ይጽፋሉ። ቦታቸው ባዶ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።