ሙሉ ሰርግ በአንድ ዲስክ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ድምፁ ከጆሮዬ እየራቀ ሲሄድ፣ እንደገና ልሰማው ብዬ የሰርጋችንን ዲስክ ይዤ አሰላ ገበያው አጠገብ ካለ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። ባለሱቁ ጥጥ በአልኮል ነክሮ የዲስኩን ጀርባ ሲጠርገው ሽታው አፍንጫዬን መታኝና፣ ጥቁር ለብሼ መቆሜን ረስቼ ወደ አባቴ ፊልም ማከራያ ተመለስኩ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው አያምንም ነበር። የተከራየ ዲስክ ሲመለስለት በዚያው በአልኮል ጠርጎ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ፣ ጭረቱን በጣቱ እየተከተለ ተከራዩን ቀና ብሎ ያየዋል፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ከባንኮኒው ጀርባ ደብተሬን ዘርግቼ የሰዉን መርበትበት እያየሁ ሳቄን እውጥ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው ግን ከሲሬ የመጣ፣ በየቀኑ ፊልም ተከራይቶ በማግስቱ አንድ ጭረት ሳይነካው የሚመልስ ወጣት መምህር ነበር።

«አይተኸዋል?» አለው አንድ ቀን።

«አዎ ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ፊልም ነው።»

«እስቲ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

«ተጋቡ።»

«የጦርነት ፊልም እኮ ነው፣ አንተ! ሁሉም አለቁ!»

ፊቴን ደብተሬ ውስጥ ቀበርኩ። አባቴም ልጁ የሚመጣው ለፊልም እንዳልሆነ ያን ቀን ገባው።

ከዓመታት በኋላ እኔና መምህሩ ስንጋባ፣ አባቴ ቪዲዮ ቀራጩንም አላመነውም። ተራ ዲስክ ሥዕሉን ያደበዝዛል፣ ሰርጉንም ይቆራርጣል ብሎ፣ ብዙ የሚይዘውን ብሉ ሬይ የሚባለውን ከውጭ አገር አስመጥቶ፣ ሙሉው ሰርግ ጥርት እንዳለ በአንዱ ላይ ይቀመጥ ብሎ አዘዘ።

«ባዶ ነው፣ እትዬ» አለኝ የአሰላው ባለሱቅ፣ የጠረገውን ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ ሞክሮ። «ይተዉልኝ፣ አዲስ አበባ ልኬ ላስነብበው።»

ባዶ ከሆነ ለምን ይፈልገዋል ብዬ ከእጁ ነጠቅሁት። በማግስቱ አዳማ ድረስ በሚኒባስ ይዤው ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ፣ የተራው ማጫወቻ ብርሃን ብሉ ሬይ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ስለማይችል ዲስኩን ባዶ አስመስሎ እንደሚያሳየው አስረዳኝ። የአሰላው ሰውዬ አልዋሸኝም ነበር፤ ቢሆንም የአዳማውም ባለሙያ ከዓይኔ እንዳይርቅ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት።

ተከፈተ። የካባው የወርቅ ክር እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። የሚሰማው ግን ዘፈን ብቻ ነው፤ ቪዲዮ ቀራጮቻችን እንደለመዱት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰርግ ዘፈን ጭነውበታል።

«ከሥሩ የሰው ድምፅ የለም?»

«ሲያቀናብሩት አጥፍተውታል፣ እትዬ።»

አላመንኩትም። ከፍ አድርገው አልኩት፤ ዘፈኑ ጮኸ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም።

ኬኩን ስንቆርስ ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ይለኛል፤ እኔም አፌን በእጄ ይዤ እስቃለሁ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ። ባለሙያው እስኪሰለች አስደጋገምኩት። የከንፈሩን እንቅስቃሴ፣ ጢሙ ላይ ያረፈችውን የኬክ ፍርፋሪ ሳይቀር አየሁ። ያለኝን የሰማሁት በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ረስቼዋለሁ።