አንድ ስንዝር አፈር

የዘር መሸጫ ሱቅ ውስጥ ጸሐፊ ሳለሁ ያየኋቸው ሽማግሌ ዛሬም ትዝ ይሉኛል። መነጽራቸው በክር የተጠገነ ነበር። እያንዳንዱን የዘር ፓኬት ጆሯቸው ሥር ያንኮሻኩሻሉ፤ ባለሱቋም ኪሳቸው እንዳይከቱት ዓይኗን ከእጃቸው አልነቀለችም።

«ካሮት ይውሰዱ፣ አባባ።»

«ካሮት ሥሩ ይወርዳል። የእኔ መደብ በረንዳ ላይ ያለች የጣውላ ሳጥን ናት፤ አፈሯ ከአንድ ስንዝር አያልፍም። አታሞኚኝ፣ ልጄ!»

«እሺ፣ ሰላጣ። እሱ ጥልቅ አፈር አይፈልግም፤ በአርባ አምስት ቀን ይደርሳል።»

«ወረቀቱ ስድሳ ይላል።»

«ምን አስቸኮለዎት?»

ወደ በሩ ተገላምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የልጄ ሚስት በረንዳውን የሰጠችኝ ለሁለት ወር ነው። ‹እስቲ ለቤቱ ምን እንደሚጠቅሙ እናያለን› ብላኛለች። ካልሆነልኝ ወደ እኅቴ ሊልኩኝ ተማክረዋል፤ በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ።»

ባለሱቋ ወደ ጓሮ ወጣች። ከዚያም ቅጠል ያወጣ የሰላጣ ችግኝ በትሪ ይዛ መጣች። «ይኼ በወሩ ገበታ ላይ ይቀርባል።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ መረመሩ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ደበቅሽው?» አሏትና ትሪውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወጡ።