ከመምታት በፊት የሚባለው ቃል

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሦስቱንም ጉድጓዶች ደፈንኳቸው።

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አቶ አስማረ የሚባሉ ባለሀብት ባለ ሦስት ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ያለው ሎጅ ሠርተው ነበር። እኔ የተቀጠርኩት ለሣር አጫጅነት ነው። ስለ ጎልፍ የነገረኝ ሰው የለም፤ ባንዲራዎቹም ገና አልተተከሉም። ማጭዴን ይዤ ሜዳውን ስዞር ክብ ክብ ጉድጓድ አየሁ፤ የፍልፈል ሥራ መሰለኝ። የከብት እግር እንዳይሰብር ብዬ አፈር ሞላሁት፣ ረገጥኩት፣ ሰርዶ ተከልኩበት። ሥራዬ ንጹሕ ነው። በማግስቱ አቶ አስማረ ጉድጓዶቻቸውን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጧቸው።

ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ እንዳገኝላቸው ጠየቁኝ። ሦስቱንም በእግሬ እየዳበስኩ ወዲያው አገኘኋቸው። ሜዳ እንዲህ የሚያውቅ ሰው አይባረርም ብለው የሜዳ ኃላፊ አደረጉኝ። በሁለት ቀን ከአጫጅነት ወደ ኃላፊነት ያደገ ሰው በዚያ ሎጅ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም የለም።

ጨዋታውን ማንም አላስተማረኝም። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም። ያየሁትም ከዘይነብ ነው። ዘይነብ የአንበሳሜ ልጅ ናት። ዱባይ አንድ የጎልፍ ሜዳ ውስጥ ስድስት ዓመት ኳስ ስትለቅም ኖራ ተመልሳ ነበር። በሎጁ ማዕረጓ አጫዋች ነው፤ የዱላውን ቦርሳ ትሸከማለች፣ ለእንግዳ አያያዙን ታሳያለች። እያወራችኝ፣ ኳሷን በቅጡ ሳታያት፣ መትታ ባንዲራው ሥር ታሳርፋታለች።

እኔም ሰው በሌለበት ሞከርኩ። ዱላው አንዴ ሣር፣ አንዴ አየር ይመታል። ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩ። እንጨት ስፈልጥ አልስትም። መጥረቢያውን ሳነሣ ግንዱ ለሁለት ተከፍሎ አስቀድሞ ይታየኛል። ስለዚህ ነገሩ ያለው ከክንድ ሳይሆን ከሐሳብ ነው አልኩ። ዘዴዬንም ያወጣሁት ከዚያ ነው። አንደኛ፣ ኳሷ የምትወድቅበትን ቦታ በዓይነ ሕሊና ማየት። ሁለተኛ፣ ትንፋሽን በረጅሙ ማውጣት። ሦስተኛ፣ ልብ የሚያጸና አንድ ቃል ለራስ ማለት። ከዚያ መምታት።

ኋላ ዘይነብ ታላላቆቹ ተጫዋቾችም እንዲህ እንደሚያደርጉ በስልኳ አሳየችኝ። ከእኔ እንዳልሰሙ አውቃለሁ። እኔም ከእነሱ አልሰማሁም።

ዘዴዬን ለሎጁ እንግዶች ማስተማር ጀመርኩ። ግራ የሚያጋባው እነሱ በዘዴዬ መሻሻላቸው፣ እኔ ግን በራሴ ዘዴ መሳቴ ነበር። ዘይነብን ስትመቺ ምን ታስቢያለሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«ስለ ጫማዬ» አለችኝ። «ጤዛው እንዳያበሰብሰው።»

ጫማ ከሦስቱ ደረጃዎች የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ዛሬም አላወቅሁም።

አቶ አስማረ ችግራቸው ሌላ ነበር። እኔና ዘይነብ ብቻ ስንሆን ኳሷን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወነጭፏታል። ሦስተኛ ሰው ከመጣ ግን የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ ይመታሉ። ወጥ ቤቷ ሴትዮ ባለቤቱ ዱላ ሲያነሡ ድስቷን ይዛ መውጣት ለምዳ ነበር።

አንድ ቀን፣ በሳምንቱ አስጎብኚዎች ከባሕር ዳር እንደሚመጡ ተነገረን። ሜዳውን ከወደዱት እንግዳ ያመጣሉ። የመጀመሪያዋን ኳስ የሚመቱት ባለቤቱ ናቸው። አቶ አስማረ ለብቻዬ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«አያ ደርበው፣ በእነሱ ፊት ከሳትኩ ሜዳውን አርሼ ድንች እተክልበታለሁ» አሉኝ። «ድንች ሰው ፊት አያሳፍርም።»

እውነታቸውን ነበር፤ የድንች ዘር የሚያመጣ ሰው አነጋግረዋል። እኔ ድንችም እቆፍራለሁ። ዘይነብ ግን ያለ ሜዳው ሥራ የላትም። ወደ ዱባይ ሊመልሳት የሚፈልገው ደላላ ስልክ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጮህባት ነበር። አልሄድም ትለዋለች፤ ድንቹን ከሰማች በኋላ ግን አስብበታለሁ ማለት ጀመረች። ስትለው ሰማኋት።

ሳምንቱን ሙሉ ባለቤቱን አሠለጠንኳቸው። ማየቱን ቻሉት። ትንፋሹንም ቻሉት። ቃሉ ምን ይሁን ሲሉኝ የሚያጸናዎትን ይምረጡ አልኳቸው። በማግስቱ አገኘሁ አሉኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ አሠልጣኝ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ አይፈትሽም።

አስጎብኚዎቹ ስድስት ሆነው መጡ። አቶ አስማረ ዱላቸውን ይዘው ኳሷ አጠገብ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ተነፈሱ። እስከዚህ ድረስ እንዳስተማርኳቸው ነው። ከዚያ ቆሙ። አሁንም ቆሙ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«አያ፣ ቆመው ተኙ እንዴ?» አለችኝ ዘይነብ በሹክሹክታ።

እጃቸውን አየሁ። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ አንድ በአንድ ይሄዳል። ያን ጊዜ ገባኝ።

«እግዚኦታ እያደረሱ ነው» አልኳት።

«ስንት ነው እሱ?»

«አርባ አንድ።»

«አሁን የት ደርሰዋል?»

«ሦስተኛ ዙር ላይ ናቸው። ሠላሳ ቢሆን ነው።»

«በዱባይ ቢሆን እስካሁን ከሜዳ አስወጥተዋቸው ነበር» አለችና የዱላውን ቦርሳ መሬት አስቀመጠች።

ከእንግዶቹ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሌሎቹም ተከተሉ። የሚኒባሱ ሾፌር ከመኪናው ወርዶ እጁን አጣምሮ ቆመ። የጉና ነፋስ ብቻ ይሰማል። እኔም ቆቤን አወለቅሁ፤ ምን ላድርግ።

አቶ አስማረ ዓይናቸውን ገለጡና መቱ። ኳሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም። አንድ ቁና የሚያህል ሰርዶ ተነሥቶ ጫማዬ ላይ ወደቀ። አለቀ፣ ድንች ሆነ አልኩ በልቤ። ዘይነብ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ማንም አልሳቀም። ከጸሎት በተነሣ ሰው ማን ይስቃል? ሽማግሌው እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የሚገባው ያ የሆነ ይመስል። አቶ አስማረ ሰዎቹን አዩ። ከዚያ ዝም ብለው፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ እንደገና መቱ። ኳሷ ወጥ ቤቱን ትታ፣ ግራር ዛፉን አልፋ፣ ከባንዲራው አንድ እርምጃ ላይ አረፈች።

አስጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ሽማግሌው እንግዳ ሁሉ እንዲህ ቆሞ መጸለይ አለበት ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ አስማረ አዎ አሉ። በዚያች ሰዓት ምንም ቢጠየቁ አዎ ነበር የሚሉት።

ማታ እራት ስንበላ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሠላሳ ስምንት ላይ ቁጥሩ ተምታታብኝ አሉ። ከመጀመሪያው ልጀምር ብዬ ዓይኔን ብገልጥ ሰው ሁሉ ኮፍያውን አውልቋል፤ ደንግጬ መታሁ አሉኝ።

«ሁለተኛዋን ሲመቱስ ምን አሉ?»

«ምንም። ማንም አልሳቀም፤ መታሁ።»

ብዙ አሰብኩበት። ቃሉ ከሆነ የሠራው፣ ቃሉን ብለው የሳቱት ለምንድን ነው? ሳይሉት የመቱትስ? ቃሉ ዘግይቶ የሚደርስ ይሆናል ብዬ ነበር። ዘይነብ ግን ሰዉ ባለመሳቁ ነው ትላለች። ሐሳቧን አልናቅሁም፤ ዘዴው ግን የእኔ ነው። ሰዉን ጸጥ ያሰኘውም እሱው ነው።

ሜዳው ሜዳ ሆኖ ቀረ። ዘይነብ የደላላውን ስልክ ማንሣት ተወች። አሁን በሎጁ ዋና አሠልጣኝ እሷ ናት፤ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ክረምት አለፈ። የእኔን ሦስት ደረጃዎች ለእንግዶች ታስተምራለች፤ ጫማውን ግን ከራሷ ጨምራበታለች።

ከእኔ በኋላ ለሚያሠለጥኑ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ለመቺ ቃል ስትሰጡት ስንት ጊዜ እንደሚለውም ንገሩት። አንድ ጊዜ ይበቃል።