አዲሱ ዲስክ መስሎኝ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ የገዛችውን ላፕቶፕ፣ ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት እንድጭንላት ቃሊቲ ድረስ ይዛልኝ መጣች። የሰፈሩ ሰው ኮምፒውተር ሲያስቸግረው መጨረሻ ላይ የሚመጣው ወደ እኔ ነው፤ ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጥኩ መሆኔን ስነግራቸው አያምኑም። መጫኛው ተነሣና «ምንም ዲስክ አልተገኘም» አለ። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። የማሽኑ ቅንብር ውስጥ ገብቼ የዲስክ መቆጣጠሪያውን አሠራር ለወጥኩ፤ ዲስኩ ታየ። «ቀጥል» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።

«አባዬ፣ ላብ አጠመቀህ እኮ» አለች።

ሙቀቱ ነው አልኳት። አልነበረም።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል እዚሁ አቃቂ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። የተቀጠርኩት ለጥገና ነው፤ ኮምፒውተርን ግን ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ ምሳዬን በቆሎ ጥብስ እየጋጥኩ፣ ብቻዬን ተማርኩ። ዲግሪ ያላቸው ሲያቅታቸው እኔን ይጠሩ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን እውነት ነው።

አሁን የምነግራችሁ ቀን ሁለት ዓመት ሲቀረው በነበረው ክረምት ወንዙ ሞልቶ መዝገብ ቤት ገብቶ ነበር። የሠራተኛው የአገልግሎት ዘመን የተጻፈባቸው ካርዶች ውኃ ጠጡ። የሠራተኛ አስተዳደሯ እትዬ የሺ፣ ሻጋታው ሳይቀድማት፣ ካርዶቹን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ እያሰጣች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ከተበቻቸው። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባት። ካርዶቹ ኋላ ተበጣጥሰው ተጣሉ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ የሚመሰክርለት ያ አሮጌ ዲስክ ብቻ ሆነ። ዲስኩ ደግሞ ማቃሰት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ መዝገቡን የሚይዝ አዲስ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ተገዛ።

ንብረት ክፍሉ ጋሽ ደምሴ ካርቶኑን ፈቶ ብሎኑን ሳይቀር መዘገበ። ከዕቃው መሐል አንድ ፍሎፒ ነበር፤ ማሽኑ የአዲሱን ዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ እንዲያውቀው የሚያደርገው ሾፌር ፕሮግራም ያለበት ዲስኬት። እንድፈርምና እንድወስድ ጠየቀኝ። እሱ ለማያውቁ ሰዎች ነው የሚላከው፣ ይቀመጥ አልኩት። መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ሥራው በአንድ ቀን እንዲያልቅ ብዬ አሮጌውን ዲስክ ነቅዬ በሌላ ኬብል አዲሱ ማሽን ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ ሊነክሱን በአዲሱ ዲስክ ላይ ጭኜ ወዲያው ልገለብጥ ነበር። መጫኛው አንድ ዲስክ አሳየኝ። አንድ ብቻ። አዲሱ ነው ብዬ «ሁሉንም አጥፋና ከፋፍል» የሚለውን መረጥኩ። ሲጠይቀኝ «አዎ» አልኩ። ሲደግም ደገምኩ።

መስመሩ መሮጥ ሲጀምር መጠኑን አየሁት። ትንሽ ነበር። ያለ ፍሎፒው ካርዱን ስላላወቀው አዲሱ ዲስክ ጨርሶ አልታየውም፤ የታየው አሮጌው ነበር።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። በመስኮት ለሳሙናው የሚቀልጠው የሞራ ሽታ ይገባል፤ ጓሮ የቆሙት ሠራተኞች ሲሳሳቁ ይሰማኛል። የእነዚያ ሰዎች ዕድሜ እጄ ላይ ጠፋ ብዬ አሰብኩ። መሸሽም አሰብኩ፤ ሚኒባስ ይዤ ሳሪስ፣ ከዚያ ወዲያ የትም። በዚህ መሐል እትዬ የሺ አንገቷን በበሩ አስገባች።

«ልጆቼን አሻገርካቸው?» አለች። መዝገቦቹን ልጆቼ ነበር የምትላቸው።

«እያሻገርኩ ነው» አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

ከሄደች በኋላ ንብረት ክፍል ወርጄ ፍሎፒውን ጠየቅኩ። ጋሽ ደምሴ በመነጽሩ ላይ አየኝ። «ለማያውቁ አልነበረም እንዴ?» አለ። እውነቱን ነገርኩት። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ተሳሳትኩ፣ አላወቅኩም አልኩት። እሱ ራሱ የሚቀጥለው መስከረም ጡረታ ወጪ ነበር።

«የእኔም እዚያው ውስጥ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

መሳቢያውን ከፈተ። እንዲያም ሆኖ የወጪ ሰነዱን አውጥቶ አስቀደመ። «ፈርም» አለኝ።

አሮጌውን ዲስክ አላቅቄ በፍሎፒው ካርዱን አስተዋወቅኩ፤ አዲሱ ዲስክ ታየ፣ ሊነክሱም ገባ። ከዚያ አሮጌውን መለስኩት። የጠፋው የዲስኩ ክፍሎች የት የት እንደሚጀምሩ የሚያሳየው ካርታ ብቻ ይሁን፣ መዝገቡ ራሱ ይትረፍ እያልኩ ጸለይኩ። ድሮ ያንን ዲስክ መጀመሪያ ስከፋፍለው የመጽሐፌን ምሳሌ ቃል በቃል ስለተከተልኩ የክፍሎቹ ቁጥሮች ገጹ ላይ ነበሩ። አንድ በአንድ አስገባኋቸው። የመጀመሪያው ስም ሲመጣ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጋሽ ደምሴ ተከትሎኝ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። የራሱ ስም ላይ እስክደርስ አልተነፈሰም። ከዚያ መዝገቡ ወደ አዲሱ ዲስክ ሲገለበጥ ፍሎፒውን ተቀብሎኝ ወጣ፤ ነገሩን እስኪሞት አላነሣውም።

እትዬ የሺ አሁን አርጅታለች። ሳሪስ ገበያ ስንገናኝ ነጋዴውን ሁሉ ታስቆምና «ልፋቴን ያተረፈልኝ እሱ ነው» ትላለች። እኔ ሙገሳ የማልጠግብ ሰው ነኝ፤ ሲያንስብኝም ራሴ እጨምርበታለሁ። ይኼኛውን ግን መዋጥ አቅቶኝ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ እጠይቃታለሁ። መዝገቡን ያተረፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት የለበትም። ያንን ቀን በሩ ላይ ቆማ ስትጠይቀኝ ግን መዝገቡ አልነበረም፣ ያጠፋሁትም እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፤ ያኔ እነግራታለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄን ላብ ላብ ይለዋል።