አዎ ያልንበት ቀን

«አዎ» የምትባለውን ቃል እጠላታለሁ። ለምን እንደሆነ ስሙኝና ፍረዱ።

ያኔ አሶሳ ላይ ወርቅ ፍለጋ ለመጣ አንድ ፈረንጅ እኔ አስተርጓሚ፣ ወንድሜ ሐሚድ በቅሎ ጫኝ ሆነን እንሠራ ነበር። ፈረንጁ የሒሳብ መኪና ነበረው። እጀታው ወደ ፊት ሲዞር ይደምራል፣ ወደ ኋላ ሲዞር ይቀንሳል።

አንድ ቀን እጀታው ጠፋ። ፈረንጁ እኔን ሳይጠራ በዚያው በተሰባበረ አማርኛው ሐሚድን «አልወሰድክም?» ብሎ ጠየቀው።

«አዎ ጌታዬ» አለ ሐሚድ።

እኔ ስደርስ የፈረንጁ ዘበኛ በገመድ አስሮታል። በዚያ ዘመን የሌባ እጅ ይቆረጥ ነበር። ፈረንጁን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት።

«ጌታዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ ተጠይቆ ‹አዎ› ያለ ሰው ‹እንዳሉት ነው፣ አልወሰድኩም› ማለቱ ነው።»

«መኪናዬ ወይ ይደምራል ወይ ይቀንሳል» አለ ፈረንጁ። «አዎም አዎ ነው።»

ቆይቶ ግን ፊቱ ለዘብ አለ። ነገሩ የገባው መሰለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ «እንግዲያው አንተ አልዋሸኸኝም?» አለኝ።

ልቤ ተንፈስ ከማለቱ የተነሣ ሳላስብ «አዎ ጌታዬ» አልኩት።

ዘበኛው ከበቅሎዋ ጭነት ላይ ሌላ ገመድ ፈታ።